ቢላ ላይ የዋጥኳት «ምናልባት»

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው አፍ ሆኜ ኖርኩ። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር፤ ነቀምቴ፣ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት። ያኔ በወረቀት «ለቀምት» ብለን ነበር የምንጽፈው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። በቦታዬ የተተካችው ወይዘሪት አልማዝ፣ አዲስ አበባ ተምራ የመጣች ብርቱ ሴት፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ሳስረክባት «ጋሽ በቀለ፣ ከእንግሊዝኛ የትኛው ያስቸግራል? የሕጉ ነው የሕክምናው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሁለቱም አይደሉም» አልኳት። «ሰው ገና ልጠይቅ አልጠይቅ እያለ የሚናገረው ነው የሚያስቸግረው።»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። በር ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር ስላልነበረ እኔም ስቄ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ያልነገርኳትን ለመንገር ነው።

ትእዛዝ መተርጎም ቀላል ነው። ክስም ምስክርነትም እንደዚያው፤ ተናጋሪው የሚፈልገውን ያውቃል፣ አስተርጓሚው ይከተለዋል። እንግሊዞች ግን አንድን ነገር ከመጠየቃቸው በፊት የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ አላቸው። «ይህ ቢሆን ምን ይመስልሃል?» ለማለት፣ «ብጠይቅህ ትቀየማለህ?» ለማለት፣ «እኔ ገና አልወሰንኩም፣ አንተም አትወስን፣ እስቲ ዝም ብለን እንየው» ለማለት ለየብቻው ቃል አላቸው። ፊለር፣ አፕሮች፣ ሳጀስሽን፣ ኢንኳየሪ፣ ፕሮፖዛል። በዚያን ዘመን እጄ ላይ የነበረው መዝገበ ቃላት ከነዚህ ለአብዛኞቹ «ጥያቄ» ወይም «ሐሳብ ማቅረብ» ብሎ ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ከነቀምቴ ደምቢ ዶሎ ይደርሳል።

እኔ የነቀምቴ ልጅ ነኝ። አባቴ ኦሮሞ ነው፤ እናቴ ከጎጃም መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ ቁጣው በአማርኛ፣ ምርቃቱ በኦሮምኛ ነበር። እንግሊዝኛውን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አገኘሁት። ጣልያን ከወጣ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ አስተርጓሚ ሲፈልግ ተፈትኜ ገባሁ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ አኑሮኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ኦቦ ዲንሳ ናቸው። «ኦቦ» በእኛ አገር «አቶ»፣ «አዴ» ደግሞ «ወይዘሮ» እንደማለት ነው፤ እሳቸውን ግን ከሸዋ የመጡት ሹሞች እንኳ አቶ ብለው አያውቁም። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሲያስተረጉሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ጊዜ ስለ ድልድይ ሥራ ሊነጋገር የመጣ የውጭ አገር እንግዳ ተኝተዋል ብሎ ንግግሩን አቋርጦ እኔን አየኝ። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ይቀጥሉ ጌታዬ፣ ድልድዩ ላይ ነበርን» አሉት።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ተናጋሪው ተናግሮ ሲጨርስ፣ በደንብ ሰምተውትም ቢሆን «እንደገና ይበሉልኝ» ይላሉ። ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ ሹሞቹም ይቆጣሉ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መጀመሪያ ሲናገር ቃሉን እሰማለሁ» አሉኝ። «ሁለተኛ ሲናገር ደግሞ የቱን ቃል እንደማይለውጠው እሰማለሁ። ሰው ሲደግም ሌላውን ሁሉ ይለውጣል፤ የማይለውጣት አንዲት ቃል አለች። ሐሳቡ እሷ ናት።»

ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበራቸው። በውስጡ የእንግሊዝኛ የመጠየቂያ ቃላትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድረዋቸዋል። ከያንዳንዱ ቃል ፊት ለፊት ትርጉም አልጻፉም፤ ቃሉን ማን እንደተናገረውና በኋላ ምን እንደተደረገ ነው የጻፉት። የቃላቱን ደረጃ እኔን ያስተማሩኝ ግን ከደብተሩ አልነበረም። ከቢሮ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ነው።

«ለወንድ ልጅህ ሚስት ስትፈልግለት መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አትልክም። መጀመሪያ የጎረቤት ሴት ናት የምትሄደው፤ ወንፊት ልትዋስ። ወንፊቱን አትፈልገውም። ልጅቷ ቤት መኖሯን፣ የእናትየዋን ፊት አይታ ትመለሳለች። ማንም ምንም አልጠየቀ፤ ማንም እምቢ አላለ። ይህ በነሱ ቋንቋ ፊለር ነው። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በመንገዱ እንዳለፈ ሆኖ ደጅ ላይ ቆም ይላል። እሱ አፕሮች ነው። ሽማግሌዎቹ በማለዳ እርጥብ ሣር ይዘው ደጁ ላይ ሲቀመጡ ፕሮፖዛል ሆነ። የጥሎሹ ከብት ሲነዳ ነው አግሪመንት፣ ስምምነት የሚሆነው። አንተ ታዲያ ወንፊት ልትዋስ የመጣችውን ሴት ሙሽራ ልትወስድ የመጣች አድርገህ ከተረጎምክ፣ በአንድ ቃል ሁለት ቤት ታፈርሳለህ።»

በሌላው ወገን ያለውንም እንዲሁ ይጠብቁ ነበር። ጊምቢ አጠገብ መንገድ የሚቀይስ የውጭ አገር መሐንዲስ፣ መንገዱ የድሮ መቃብር ላይ ቢያልፍ ሕዝቡ ይከፋው እንደሆነ ሽማግሌዎቹን አስጠየቀ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና «ኒ ኢላላ» አሉ፤ እናየዋለን ማለት ነው። ኦቦ ዲንሳም «እናየዋለን ይላሉ» ብለው ተረጎሙ። መሐንዲሱ ደስ ብሎት ወረቀቱ ላይ «ተስማምተዋል» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

«ጌታዬ፣ ያንን ይሰርዙት» አሉት ኦቦ ዲንሳ።

«እናየዋለን አላሉም?»

«ብለዋል። እዚህ አገር እናየዋለን ያለ ሰው አይቶ ጨርሷል።»

መሐንዲሱ ሰረዘው። ዛሬም በዚያ በኩል የሄደ ሰው መንገዱ ያለ ምክንያት የሚመስል ጥምዝ ሲያደርግ ያያል።

እንዲህ ዓይነት መምህር እያለኝ ነው እንግዲህ ያን ጥፋት ያጠፋሁት።

ኦቦ ዲንሳ ለወራት ሥራ ወደ ደምቢ ዶሎ ተልከው ነበር። በዚያ መሐል አንድ የውጭ አገር የበጎ አድራጎት ማኅበር የላከው ሐኪም መጣ። ቀይ ጢም ያለው፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ ሰው ነበር። ማኅበሩ በወለጋ ገጠር የሆነ ቦታ ክሊኒክ ሊያቆም አስቦ፣ እሱ ቦታዎቹን እየዞረ እንዲያይ ነበር የላከው። ጽሕፈት ቤቱ አብሬው እንድሄድ አዘዘኝ። ሦስት ወረዳ ዞርን። አራተኛው ቢላ ነበር።

በላንድሮቨር እስከሚያስኬደው ድረስ ሄደን፣ ከዚያ በቅሎ ይጠብቀን ነበር። በቅሎዎቹ ዘንድ ሳንደርስ ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ አገኘናቸው። ቃሬዛው ላይ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ያለፋት ሴት ነበረች። ወደ ነቀምቴ ነው የሚሮጡት፤ በእግር፣ ያን ሁሉ መንገድ። ሐኪሙ መኪናውን አስቁሞ አያት፤ የሚችለውን አደረገላትና በመኪናችን ከሾፌሩና ከባሏ ጋር ወደ ነቀምቴ ላካት። ሴትዮዋ እንደተረፈች፣ ልጁ እንዳልተረፈ በኋላ ሰማሁ። እኛ በቅሎዎቹ ድረስ በእግር ሄደን፣ ከዚያ በበቅሎ ቀጠልን።

ቢላ ስንደርስ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። ሐኪሙ ባርኔጣውን አወለቀና ተናገረ። ቃል በቃል የተናገረው ይህን ነው፦ «ተስማሚ መሬት ቢገኝ፣ ምናልባት አንዲት ትንሽ ክሊኒክ እዚህ ማቆም ይቻል ይሆን ወይ እያልን ስናስብ ነበር። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?»

እኔ በኦሮምኛ ያልኩት ደግሞ ይህን ነው፦ «መሬት ስጡን። ክሊኒክ እንሠራላችኋለን።»

አልገባኝም ነበር ብል ሐሰት ነው። አንዲት ቃል አልጠፋችኝም። «ቢገኝ» የምትለውን ሰምቻታለሁ፣ «ምናልባት» የምትለውንም ሰምቻታለሁ፣ የመጨረሻው ጥያቄ መሆኑንም አውቃለሁ። አፌ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዋጥኳቸው። ቃሬዛው ከዓይኔ አልወጣም ነበር። ሌላም አለ፤ የምሥራች ነጋሪ መሆን ይጣፍጣል። አሥር ዓመት ሙሉ የሌሎችን የግብር ትእዛዝና ክስ ስናገር ኖሬ፣ አንድ ጊዜ ደግ ነገር ከአፌ ቢወጣ ብዬ ነው።

እልልታው ቀለጠ። ሐኪሙ ደንገጥ ብሎ «ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«ሐሳቡን ወደውታል» አልኩት።

«ደስ ይላል» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ከዚያ አንድ ሰው ከመሐል ተነሡ። ኦቦ ፈይሳ ይባላሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስታቸው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓይነት ቃሬዛ ላይ ሞታለች። «ምንጩ አጠገብ ያለው መሬት የኔ ነው» አሉ። «ቡናዬ ያለበት ነው። ሰጥቻለሁ።»

ይህን ስተረጉም ደግሞ በተቃራኒው ሄድኩ። የሰውየውን ስጦታ እንዳለ ብናገር ሐኪሙ ነገሩ ምን ያህል እንደጠበቀ ይነቃል። ስለዚህ «አንድ ሽማግሌ የሚሆን ቦታ ሊያሳይ ይችል ይሆናል ይላል» አልኩት። የላላውን አጠበቅኩ፣ የጠበቀውን አላላሁ። ሐኪሙ ቦታውን ከሩቅ አየ፤ አመሰገነ፤ ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ከወራት በኋላ ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። በልዩ ልዩ ቦታዎች ላደረግነው ማጠያየቅ ስለተደረገልን ትብብር እናመሰግናለን፣ ለጊዜው ሥራችንን በሌላ ጠቅላይ ግዛት ለመጀመር ወስነናል ይላል። ማጠያየቅ፤ ኢንኳየሪ። የጻፈው ሰው ቃሉን በቦታው ነው ያስቀመጠው። ተረጎምኩት፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ማኅደር ውስጥ ገባ። ለቢላ ሰዎች የሚነግራቸው አልነበረም፤ እንደ ጽሕፈት ቤቱ ማንም ቃል አልገባላቸውማ። እኔም አንድ ሰው ሳይነግራቸው አይቀርም እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ከገና በኋላ ኦቦ ፈይሳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በእግራቸው ነቀምቴ ድረስ መጡ። የጽሕፈት ቤቱ ዋና ጸሐፊ ዘንድ ገቡ፤ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ቆምኩ።

«አካም ጅርቱ፣ ደኅና ናችሁ ወይ» ብለው ሁላችንንም ጠየቁ፤ ቤተሰባችንን ጠየቁ። ከዚያ ቀጠሉ። ቡናውን ከነሥሩ ነቅለው መሬቱን ደልድለዋል። ሰዉ ተባብሮ እንጨት ቆርጧል፣ ድንጋይ አጓጉዟል፣ የክዳን ሣር አጭዷል። «ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው? ሣሩ ምስጥ ሳይበላው ብንከድን ብለን ነው።»

ተረጎምኩ። ዋና ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። ማኅደሩን አስመጥተው አገላበጡና «ይህ ወረቀት ጠይቀን ነበር ነው የሚለው፤ ማን ነው እንሠራለን ያላቸው?» አሉ።

ኦቦ ፈይሳ የጸሐፊውን ቃል ከእኔ ሰሙ። «ሐኪሙ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሯል። ዋሸን ማለት ነው?»

ተረጎምኩ።

«እንዲያ ነው የሚመስለው» አሉ ዋና ጸሐፊው።

ይህንንም ተረጎምኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ የማፍርበት ነገር ቢላ ላይ ያልኩት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ የማፍረው በዚህች ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች እጅ ነሥተው ወጡ።

ኦቦ ዲንሳ ከደምቢ ዶሎ የተመለሱት በዚያው ሰሞን ነው። ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ «እንደገና በልልኝ» አሉኝ።

እንደገና አልኩ።

«ሁለቱንም ጊዜ ‹አዘንኩላቸው› አልክ» አሉ። «ያችን አልለወጥካትም። እንግዲያው እውነትም አዝነሃል። ያዘነ ሰው ሄዶ ይናገራል።»

«ከሥራ ቢያስወጡኝስ?»

«ያስወጡሃ። አንተ ሳትመጣም እሠራ ነበር።»

ሚስታቸው አዴ ብርቄ «ልጁን እንዲህ አትናገረው» አሉ ከጓዳ። እራት በላሁና ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቢላ ነበርኩ። ሰዉ ከጸሎት እስኪወጣ ጠበቅኩ። የተሰበሰብነው ከእንጨቱ ክምር አጠገብ ነው፤ ዝናብ ወርዶበት አመድማ መስሏል። ማማ ላይ እንደወጣ ሰው ሁሉም ያየኛል። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። «ሐኪሙ አልዋሸም» አልኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱ የተናገረው ሌላ ነው፤ እኔ የነገርኳችሁ ሌላ ነው።»

አንድ ጎልማሳ ዱላውን ጨብጦ ተነሣ። ኦቦ ፈይሳ ወደ እሱ ሳይዞሩ «ታኢ፣ ተቀመጥ» አሉት፤ ተቀመጠ። ከዚያ እኔን በእጃቸው ጠርተው ወደ ምንጩ ወሰዱኝ። ቡናው የነበረበት መሬት እንደ አውድማ ተደልድሏል። ዳር ዳሩን የተነቀሉት ግንዶች ደርቀው ተከምረዋል።

«ይህን ከባለቤቴ ጋር ነው የተከልኩት» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ የማላውቀውን ነገር እንደሚያስረዱኝ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁን ሰውየው ያለውን እንዳለው በለኝ። አንዲት አትጣል።»

ነገርኳቸው። አስደገሙኝ። ደገምኩ።

«ይህ እኮ ጥያቄ ነው» አሉ።

«አዎ፣ ጥያቄ ነው።»

«እንዴት ታዩታላችሁ ብሎናል?»

«ብሏችኋል።»

«እኛስ ምን አልነው?»

«ምንም አላላችሁትም ኦቦ ፈይሳ። የምትመልሱበትን ዕድል አልሰጠኋችሁም።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ሰውየው እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘም ማለት ነው» አሉ። «ለጠየቀ ሰው መልስ መንፈግ ነውር ነው። ና፣ እንመልስለት።»

ወደ ሰዉ ተመለስን፤ እኔ ከእንጨቱ ክምር ላይ ተቀምጬ ወረቀት አወጣሁ። ለአንዲት ገጽ ደብዳቤ እስከ ከሰዓት በኋላ ተከራከሩ። ጎልማሶቹ «ይምጣ ብለህ ጻፍ፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል» አሉ። ኦቦ ፈይሳ እምቢ አሉ። «ገና በሩቁ ለጠየቀ ሰው ና አይባልም፤ ይሸሻል። በሩ አለመዘጋቱን ብቻ እንንገረው።» እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ኦቦ ዲንሳ በዓመታት ያስተማሩኝን እዚያ እንጨት ላይ ተቀምጬ እንደገና ሰማሁት።

ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦ «ባለፈው ዓመት የጠየቁን ጥያቄ በአስተርጓሚው ጥፋት በትክክል ሳይደርሰን ቀርቶ ነበር። ዛሬ ደርሶናል። ምንጭ አጠገብ መሬት አለን። እንጨትና ድንጋይም ተሰብስቧል። መጥተው ቢያዩት ደስ ይለናል፤ ባይመችዎትም አንቀየምም።»

«በአስተርጓሚው ጥፋት» የምትለዋን ኦቦ ፈይሳ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ያለች መሆኗን እርግጠኛ ሲሆኑ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

እንግሊዝኛውን ኦቦ ዲንሳ አዩልኝ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጣታቸውን አሳረፉ። «ሆፕ ብለሃል። ተስፋ እናደርጋለን አሉ እንዴ?»

«ደስ ይለናል ነው ያሉት።»

«እንግዲያው ግላድ በለው። ተስፋ ያደረገ ሰው ቢቀርበት ይከፋዋል፤ እነሱ ደግሞ አንቀየምም ብለዋል። አፋቸውን አታጣላው።»

ደብዳቤው በጽሕፈት ቤቱ በኩል ሲያልፍ ዋና ጸሐፊው አነበቡት። ተቀጣሁ፤ ማስጠንቀቂያም ማኅደሬ ውስጥ ገባ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልልም።

መልሱ የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። እኔው ይዤው ሄድኩ። ሰዉ ዝናቡን ሸሽቶ በጸሎት ቤቱ በረንዳ ላይ ተጠጋግቶ ቆሟል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዲት ሳልጥል እንዲህ አልኩ፦ «ሐኪሙ የሚለው፣ ስለ መልሳችሁ አመሰግናለሁ፤ ክሊኒክ ለማቆም አሁን አንችልም፤ ነገር ግን ለሙከራ ያህል አንድ ድሬሰር በሳምንት አንድ ቀን ወደ እናንተ መላክ ይቻል እንደሆነ እያየን ነው፤ ምናልባት ይቻል ይሆናል ነው።»

እልልታ አልነበረም። አዴ ጫልቱ የሚባሉ አሮጊት አንገታቸውን አስግገው «ታዲያ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አሉኝ።

«አላውቅም አዴ። እሱም ገና አያውቅም።»

«እንዲህ ብለህ ንገረና!» አሉና ነጠላቸውን ተከናንበው ሄዱ። ሌላውም ተበተነ። ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ብቻዬን ቆየሁ። በዚያ ሥራ ላይ ከተረጎምኩት ሁሉ በደንብ የተረጎምኩት ያን ይመስለኛል።

ድሬሰሩ፣ ቁስል የሚያጥብና መድኃኒት የሚሰጥ የሐኪም ረዳት፣ መስከረም ሲጠባ መጣ፤ በገበያ ቀን፣ መድኃኒቱን በቅሎ ላይ ጭኖ። በተሰበሰበው እንጨት ሁለት ክፍል ቤት ምንጩ አጠገብ ተሠርታ ነበር። ከወለዱ በኋላ የሚደሙትንና ሕፃናቱን ያያል፤ ከአቅሙ በላይ የሆኑትን ሳይረፍድ ወደ ነቀምቴ ያስልካል። ቃሬዛው በዚያ መንገድ መሮጡ አልቀረም፤ ሁለት ቀን ቤት ተቀምጦ የሚነሣው ግን ቀነሰ። ሐኪሙ ራሱ አንድ ጊዜ መጣ። ጨበጠኝና «እልልታው ያን ዕለት ገርሞኝ ነበር፤ ያኔውኑ ደግሜ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር» አለኝ። ጥፋቱን ሊካፈለኝ ፈልጎ ነው። አልተቀበልኩትም፤ ግን ደግ ሰው ነው።

ኦቦ ዲንሳ ጡረታ ሲወጡ ደብተራቸውን ሰጡኝ። «ፊለር» የሚለው ገጽ ላይ በእሳቸው እጅ «ቢላ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስሜ የለበትም።

ኦቦ ፈይሳ ከእኔ ጋር አልተጣሉም። ነቀምቴ ለገበያ ሲመጡ ቢሮዬ ጎራ ይላሉ፤ ልጆቼን በየስማቸው ይጠይቃሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ጎረቤታቸው ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት ገፋባቸው፤ ጉዳዩ ነቀምቴ ፍርድ ቤት ደረሰ። ችሎቱ በአማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል። በቀጠሮው ማለዳ መጡ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ስለ ዝናቡ አወራን፤ ሻይ አስመጣሁላቸው። ለመነሣት ሲሉ «እኔ ልቁምልዎት ኦቦ ፈይሳ?» አልኳቸው።

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «ከአርጆ አንድ ሰው አምጥቻለሁ።»

ችሎቱ ሲጀመር ገብቼ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የአርጆው ሰው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ዳኛው ሁለት ጊዜ «ጮኽ በል» ብለውታል። ኦቦ ፈይሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ይቆማሉ፣ ፊቱን ያዩታል። እሱ ይናገራል። እኔ ሁለቱንም እያዳመጥኩ፣ በጣቴ ጉልበቴ ላይ ቃል በቃል እቆጥር ነበር። አንዲት አልጣለም።

ኦቦ ፈይሳ ረቱ።